ጎበዝ መሆን ከፈለጋችሁ ከማን ኋላ እንደምትሮጡ ምረጡ

በቆጂ ትንሽ ከተማ ናት። አርሲ ውስጥ ከአሰላ ወደ ደቡብ ስትሄዱ ታገኟታላችሁ። ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነች፣ ብርዷ ያንቀጠቅጣል፣ ዙሪያዋ ገብስና ስንዴ ነው። ከዚችው ከተማና ከአካባቢዋ ደራርቱ ቱሉ ወጣች። ፋጡማ ሮባ ወጣች። ቀነኒሳ በቀለና ጥሩነሽ ዲባባ ወጡ። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ1992 እስከ 2012 ባሉት 20 ዓመታት እነዚህ አራት ሰዎች ብቻ 9 የኦሎምፒክ ወርቅ አምጥተዋል (ከዚህ በኋላ የምጠራቸው ዓመቶች በሙሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)። የጥሩነሽ እህቶች እጅጋየሁና ገንዘቤም ሜዳሊያ አላቸው፣ ግን እነሱን ገና አልቆጠርኩም።

ለምን እዚያ? ብላችሁ ስትጠይቁ መልሱ ቶሎ ይመጣል። "አየሩ ነዋ!" ይሏችኋል። አየሩ ይረዳል፣ እውነት ነው። ከፍታ ላይ ኦክስጅኑ ሳሳ ስለሚል ሰውነት ብዙ ቀይ የደም ሴል ይሠራል፤ ያ ደግሞ ለረጅም ርቀት ሯጭ ስንቅ ነው። ግን ደባርቅም ከፍ ያለ ቦታ ነው። ቦሊቪያ ውስጥ ከበቆጂ ከ1,000 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ የሚኖር ስንት ሕዝብ አለ፣ ቦሊቪያ ግን እስካሁን አንድም የኦሎምፒክ ሜዳሊያ የላትም። ስለዚህ አየር ብቻውን ሰው አያሮጥም።

በቆጂ ሌላ ነገር ነበራት። ስንታየሁ እሸቱ የሚባል የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የስፖርት መምህር ነበራት፤ ልጆቹን በዓይኑ እየለየ፣ ማለዳ እየሰበሰበ ያሮጥ የነበረ ሰው። ከዚያ ደራርቱ በ1992 ባርሴሎና ላይ 10,000 ሜትር አሸነፈች። ያኔ ቀነኒሳ የ10 ዓመት ልጅ ነበር። የደራርቱ ዘመድ የሆነችው ጥሩነሽ ገና ስድስት ሰባት ዓመቷ ነበር። ለእነዚህ ልጆች የኦሎምፒክ ወርቅ የሩቅ አገር ወሬ አልነበረም። እነሱ በሚያውቁት ሜዳ የሮጠች፣ እነሱ የሚበሉትን የበላች፣ ቤተሰቦቿን የሚያውቋቸው ልጅ ያመጣችው ነገር ነበር።

እኔ የምለው ይኼን ነው። በጣም የተሳካላቸው ሰዎች ከሌሎቻችን የሚለዩት ብቻቸውን ስለጠነከሩ አይደለም። የሚከተሉት ጀርባ ስለነበራቸው ነው። ጥሩ ዜናው ደግሞ ይኼ ነው፦ ተሰጥኦ መግዛት አይቻልም፣ ከማን ኋላ እንደምትሮጡ ግን መምረጥ ትችላላችሁ። እንዴት እንደሚመረጥ ልንገራችሁ።

እንጦጦ ላይ ያየሁት

እኔ የሂሳብ ሠራተኛ ነኝ፣ ሯጭ አይደለሁም። ግን አንድ ሰሞን ለጤናዬ ብዬ ማለዳ እንጦጦ እወጣ ነበር። ገና ጎህ ሳይቀድ፣ ጉም ባሕር ዛፉን ሸፍኖት፣ መጀመሪያ የምትሰሙት ድምፅ ነው። ጠብ ጠብ ጠብ የሚል የጫማ ድምፅ፣ ብዙ እግር ነው ግን እንደ አንድ ሰው እግር ይሰማል። ከዚያ ከጉሙ ውስጥ ሰልፍ ይወጣል። አስር አስራ ሁለት ልጆች፣ አንዱ ካንዱ ኋላ፣ በጣም ተጠጋግተው። ቀጥ ብለው አይሮጡም። በዛፎቹ መሐል እንደ እባብ ይጠማዘዛሉ፣ ወደ ላይ ይወጣሉ፣ ዞረው ይወርዳሉ። ፊት ያለው ልጅ ድንጋይ ወይ ጉቶ ሲያይ እጁን ወደ ኋላ ዘርግቶ ያመለክታል። ሁለተኛውም ለሦስተኛው ያመለክታል። ምልክቱ እስከ መጨረሻው ልጅ ድረስ ይወርዳል፣ ማንም ቃል አይናገርም።

መጨረሻ ላይ ያለው ልጅ ከሁሉም ደካማው እንደሆነ ያስታውቃል። ጫማው ያለቀ ነው፣ ትንፋሹ ይሰማል። ግን ዓይኑ ከፊቱ ባለው ልጅ ተረከዝ ላይ ነው። መንገዱን አያይም፣ ሰዓት አያይም። ያንን ተረከዝ ብቻ። ተረከዙ በወረደበት እሱም ይወርዳል። ስንት ኪሎ ሜትር እንደቀረው ሳያስብ ብቻውን ቢሆን በግማሹ የሚያቆመውን መንገድ ጨረሰው። ያን ቀን አንድ ነገር ገባኝ፣ እስካሁን ከውስጤ አልወጣም። ልጁ ጉልበቱን ከራሱ ብቻ አላመጣም፣ ግማሹን ከሰልፉ ተበደረ።

ይኼን ወደ እናንተ ሥራ አምጡት። ልብስ ስፌት ይሁን፣ ኮዲንግ ይሁን፣ የ12ኛ ክፍል ፈተና ይሁን፣ ዳቦ ጋገራ ይሁን፣ መጀመሪያ ሰልፍ ፈልጉ። ሰልፉ ሁለት ሰው ሊሆን ይችላል። ዋናው ነገር እናንተ የምትፈልጉትን ነገር በሳምንት ብዙ ቀን በእውነት የሚሠሩ ሰዎች መሆናቸው ነው። ስለ ሥራ የሚያወሩ ሰዎች ሰልፍ አይደሉም። በቴሌግራም ግሩፕ ቀኑን ሙሉ ጥቅስ የሚለጥፉም ሰልፍ አይደሉም።

አንድ ጥንቃቄ ግን አለ። ከእናንተ እጅግ የሚበልጥ ሰልፍ አትግቡ። ጀማሪ ሯጭ ከኦሎምፒክ ቡድን ጋር ቢወጣ በሁለተኛው ሳምንት ይጎዳል። ከፊታችሁ የሚሮጠው ሰው አንድ ወይ ሁለት ዓመት ቢቀድማችሁ ይበቃል፤ ተረከዙ ሊታያችሁ ይገባል። ጉም ውስጥ የጠፋ ሰው መሪ አይሆናችሁም። ስማቸው የገነነ ሰዎችን ቃለ መጠይቅ እያዩ ስንት ወጣቶች ዕድሜያቸውን እንደሚያባክኑ ሳይ ያሳዝነኛል። ያ ሰው ዛሬ የሚያደርገው ነገር ለእናንተ አይጠቅምም። የሚጠቅማችሁ እናንተ ባላችሁበት ደረጃ ላይ በነበረ ጊዜ ያደረገው ነው፣ ያንን ደግሞ ራሱም ረስቶታል።

በቃል የማይነገረው ነገር

ከሰው ኋላ መሮጥ የሚጠቅመው ለወኔ ብቻ አይደለም። ማንም በመጽሐፍ የማይጽፈው ነገር የሚተላለፈው በዚያ መንገድ ነው።

ከራሴ ልንገራችሁ። ኮሌጅ ጨርሼ ሁለት ዓመት አንድ ትንሽ ድርጅት ውስጥ ብቻዬን ሂሳብ ሠራሁ። ፒችትሪ የሚባለውን የሂሳብ ሶፍትዌር እችል ነበር፣ ቪዲዮ እያየሁ እማራለሁ፣ ሌሊት አነባለሁ። ግን ወር በመጣ ቁጥር ሂሳብ ለመዝጋት ስድስት ሰባት ቀን ይፈጅብኛል። ትራያል ባላንሱ፣ ማለትም የዴቢትና የክሬዲት ድምር እኩል መሆኑ የሚታይበት ዝርዝር፣ እምቢ ሲለኝ ሁሉንም ደረሰኝ ከመጀመሪያው እቆጥራለሁ። ከዚያ ሌላ መሥሪያ ቤት ገባሁና ከአንዲት በዕድሜ ከምትበልጠኝ ሴት አጠገብ ጠረጴዛ ሰጡኝ። ሁላችንም እትዬ ነው የምንላት።

የመጀመሪያው ወር መጨረሻ ላይ 5,400 ብር አልገጥም አለኝ። እንደ ልማዴ ፋይሉን በሙሉ ጠረጴዛው ላይ ዘረገፍኩት። እትዬ ሻይዋን አስቀመጠችና "ልዩነቱ ስንት ነው?" አለችኝ። ነገርኳት። "ለዘጠኝ አካፍለው እስቲ፣ ልጄ።" አካፈልኩት፣ 600 ወጣ። "እኩል ከተካፈለ ቁጥር ተገልብጦ ሳይጻፍ አይቀርም። ደረሰኝ አትቁጠር፣ የተገላበጠ ቁጥር ፈልግ።" ፈለግኩ። 8,200 መሆን ያለበት 2,800 ተብሎ ገብቷል። አስር ደቂቃ አልፈጀም።

ይኼ ዘዴ የሆነ መጽሐፍ ላይ ይኖራል። እኔ ግን በሁለት ዓመት አላገኘሁትም። እትዬ ጋ በአንድ ዓመት እንደዚህ ያለ ነገር ቆጥሬ አልጨርስም። ከትልልቆቹ ቁጥሮች አትጀምርም፣ ከባንኩ ትጀምራለች። ማስመሪያ ገጹ ላይ አስተኝታ መስመር በመስመር እያወረደች በቀይ እስክሪብቶ ትነካለች። ዓርብ ከሰዓት በኋላ አዲስ ነገር አትከፍትም። ምክንያቱን ስጠይቃት ግማሹን ራሷም አታውቀውም ነበር፣ እጇ ብቻ ያውቃል። እጅ የሚያውቀውን ነገር ለመማር አጠገቡ ከመቀመጥ ሌላ መንገድ አላውቅም።

ስለዚህ መካሪ ስትፈልጉ "ምክር ስጠኝ" አትበሉ። ሰው ምክር ስጥ ሲባል የሚናገረው የሚያምረውን ነው። "ስትሠራ አጠገብህ ልቀመጥ" በሉት። ከተቀመጣችሁ በኋላ የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ብዙ አትጠይቁ። እዩ። ደብተር ያዙ። ያልገባችሁን ጻፉና ሥራ ሲረግብ አንድ ሁለቱን ጠይቁ። ሥራችሁን ስታሳዩት ደግሞ "እንዴት ነው፣ ጥሩ ነው?" ብላችሁ አትጠይቁ፣ ይሉኝታ ይዞት "ጥሩ ነው" ይላችኋል። "አንድ ነገር ላስተካክል ብል ምኑን ላስተካክል?" በሉ። ይኼ ጥያቄ ይሉኝታውን ያነሳለታል።

ቀስ ያለው ቀን

ጫካ ውስጥ ካየኋቸው ነገሮች ሁሉ ያስገረመኝ ቀስ ማለታቸው ነው። አንዳንድ ቀን ሰልፉ በጣም ዝግ ብሎ ስለሚሮጥ እኔ ራሴ ትንሽ ልከተላቸው ችዬ ነበር። እነዚህ ልጆች ውድድር ላይ አንድ ኪሎ ሜትር በሦስት ደቂቃ የሚሄዱ ናቸው። መጀመሪያ የታመሙ መሰለኝ። ኋላ ሳጣራ ለካ የዚያን ቀን ልምምድ እንዲያ ነው። ከባዱ ቀን በጣም ከባድ ይሆናል፣ ቀላሉ ቀን በጣም ቀላል። ከባዱ ቀን እንዲከብድ ነው ቀላሉ ቀን የሚቀለው።

እኛ ግን ምን እናደርጋለን? ሁሉን ቀን መካከለኛ እናደርገዋለን። ጠዋት ደክመን እንነሳለን፣ ቀኑን ሙሉ ግማሽ ልብ ይዘን እንሠራለን፣ ማታ ስልክ ይዘን እናመሻለን፣ "ሌት ተቀን እየሠራሁ ነው" እንላለን። ሳምንታችሁን ክፈሉት። ሁለት ወይ ሦስት ቀን ከባዱን ነገር ስጡት፣ የሚያስፈራችሁን ትምህርት፣ የማይገባችሁን ቴክኒክ። ስልክ ሌላ ክፍል አስቀምጡ። የቀሩት ቀናት የለመዳችሁትን ሥራ በእርጋታ ሥሩ፣ ተኙ፣ ቤተሰብ ጠይቁ። እንቅልፍን እንደ ስንፍና የሚቆጥር ሰው ቢመክራችሁ አትስሙት። ሯጮች ከጠዋት ልምምድ በኋላ ቀን የሚተኙት ሰነፍ ስለሆኑ አይደለም፣ ሰውነት የሚጠነክረው ሲያርፍ ስለሆነ ነው።

እዚህ ላይ የሰልፉ አደጋም አለ። ልምምድ ላይ ለማሸነፍ የሚሮጥ ሰው በየሰልፉ አይጠፋም። ቀላል በተባለው ቀን ፊት ወጥቶ ሁሉንም ያስቸኩላል። እንደዚህ ያለ ሰው ካያችሁ አትከተሉት። እናንተም እሱን አትሁኑ።

ማርሽ ቀያሪው

ምሩጽ ይፍጠርን አባቶቻችሁን ጠይቁ። "ማርሽ ቀያሪው" ይሉት ነበር። ከኋላ ከኋላ ሲከተል ይቆይና የመጨረሻው ዙር ላይ በድንገት ፍጥነቱን ይለውጣል፣ ያኔ የሚይዘው የለም። በ1972 ሙኒክ ኦሎምፒክ 10,000 ሜትር ላይ ነሐስ አገኘ፣ የ5,000 ሜትሩ ውድድር ግን አመለጠው። አራት ዓመት ጠበቀ። በ1976 ኢትዮጵያ ከሌሎች የአፍሪካ አገሮች ጋር ሞንትሪያልን ትታ ቀረች። ሌላ አራት ዓመት። በ1980 ሞስኮ ላይ በ5,000ም በ10,000ም ወርቅ ወሰደ።

ስምንት ዓመት ነው፣ አስቡት። ሰው ግን የሚያስታውሰው የመጨረሻውን 300 ሜትር ነው። ማርሹን መቀየር የቻለው ለማርሹ የሚሆን ጉልበት ስለነበረው ነው፣ ጉልበቱ ደግሞ የስምንት ዓመት ማለዳ ነው። አንድ የ7 ዓመት ልጅ አሰላ አካባቢ ሆኖ ይኼን ድል በሬዲዮ ሰማ። ኃይሌ ገብረ ሥላሴ ይባላል። አያችሁ፣ ሰልፉ በሬዲዮም ይቀጥላል።

ኃይሌን ካነሳሁ አይቀር ስለ ተፎካካሪ አንድ ነገር ልበል። በ2000 ሲድኒ ኦሎምፒክ በ10,000 ሜትር 25 ዙር ከሮጡ በኋላ ኃይሌ ኬንያዊውን ፖል ቴርጋትን የቀደመው በ0.09 ሴኮንድ ነው። በ1996 አትላንታ ላይም ሁለተኛ የወጣው ያው ቴርጋት ነበር። ቴርጋት በዚህ ተስፋ አልቆረጠም። ወደ ማራቶን ሄደና በ2003 በርሊን ላይ 2:04:55 ገብቶ የዓለም ክብረ ወሰን ያዘ። በ2007 ኃይሌ እዚያው በርሊን ላይ 2:04:26 ገብቶ ወሰደበት፣ በ2008 ደግሞ 2:03:59 አደረሰው። አንዱ ባይኖር ሌላው እዚያ ይደርስ ነበር ወይ? እኔ አይመስለኝም። በሥራችሁ የሚበልጣችሁ ሰው ካለ ስሙን በማጥፋት ጊዜ አትፍጁ። ቅረቡት። ከቻላችሁ አብራችሁ ሥሩ። የእሱ ጥንካሬ ለእናንተ መለኪያ ነው።

ተጠባባቂ ስትሆኑ

ከሁሉም የምወደው ታሪክ የታምራት ቶላ ነው። ለ2024 የፓሪስ ኦሎምፒክ ማራቶን ሲመረጥ ተጠባባቂ ነበር። ሰው የዓለም ሻምፒዮና አሸንፎ፣ ኒውዮርክን በ2023 አሸንፎ፣ ተጠባባቂ ነህ ሲባል ምን ይሰማዋል? ብዙዎቻችን ብንሆን ኩርፊያው ብቻ አንድ ወር ይፈጅብናል። ልምምድ እንቀንሳለን፣ "ለምን ብዬ" እንላለን። እሱ መዘጋጀቱን ቀጠለ። ውድድሩ ሁለት ሳምንት ገደማ ሲቀረው ሲሳይ ለማ ተጎዳና ታምራት ተተካ። ከፓሪስ ቬርሳይ ደርሶ የሚመለሰውን ያንን ዳገት የበዛበት መንገድ በ2:06:26 ገባ። ወርቅ፣ ያውም በኦሎምፒክ ክብረ ወሰን። በወንዶች ማራቶን ኢትዮጵያ ወርቅ ያገኘችው ከ2000 ጀምሮ፣ ከገዛኸኝ አበራ ወዲህ፣ ያኔ ገና ነው።

ሁለት ሳምንት ውስጥ ማንም ለማራቶን አይዘጋጅም። እሱ የሮጠው ተጠባባቂ ሆኖ በሠራው ልምምድ ነው።

እናንተም አንድ ቀን ተጠባባቂ ትሆናላችሁ። ምናልባት አሁንም ናችሁ። ለሥራ አመልክታችሁ ሁለተኛ ወጥታችሁ ይሆናል፣ እድገቱ ለሌላ ተሰጥቶ ይሆናል፣ ቪዛው ዘግይቶ ይሆናል። ኩርፊያ ያለ ነው፣ አንድ ሁለት ቀን አዝኑ። ከዚያ ግን የዋናውን ሰው ልምምድ ሥሩ። በተግባር ምን ማለት ነው ብትሉኝ፦ ያ ቦታ ቢሰጣችሁ ነገ ጠዋት የምትሠሩትን ነገር ዛሬ ሥሩት። የሚጠየቀውን ሪፖርት በራሳችሁ ጊዜ ጻፉት። ሲቪያችሁን አድሱ፣ ሰነዶቻችሁን አንድ ቦታ አስቀምጡ፣ ፓስፖርታችሁ እንዳያልፍበት። ዕድሉ ሲመጣ የዝግጅት ጊዜ አይሰጥም።

ሳልነግራችሁ ማለፍ የማልፈልገው

ሁሉም አይሳካለትም። ያ እንጦጦ ላይ ያየሁት፣ ጫማው ያለቀበት ልጅ የት እንደደረሰ አላውቅም። እንደ እሱ ያሉ በብዙ መቶ የሚቆጠሩ ልጆች በየማለዳው ይነሳሉ፣ ከእነሱ ውስጥ ውጭ ወጥተው የሚወዳደሩት ጥቂት ናቸው። አንዱን ጉዳት ያስቀረዋል፣ አንዱ የሚበላው ያጣል፣ አንዷን ቤተሰቧ ይጠራታል። ታላላቆቹም ቢሆኑ አልተረፉም። ቀነኒሳ በጉዳት ዓመታት ባክነውበታል፤ ከዚያ ተመልሶ በ2019 በርሊን ላይ፣ በ37 ዓመቱ፣ 2:01:41 ገባ፣ ከዓለም ክብረ ወሰን 2 ሴኮንድ ብቻ ሲቀረው። ያንን ያህል ሮጦም ክብረ ወሰኑ አልተገኘም።

ስለዚህ "ከጣርክ ይሳካል" ብሎ የሚምልላችሁን ሰው እኔ አላምነውም። ያልተሳካላቸው ሰዎች ሰነፎች ነበሩ ማለት ይሆናል፣ ያ ደግሞ ግፍ ነው። መጣር በሩ አጠገብ ያቆማችኋል፣ በሩ መቼ እንደሚከፈት ግን አይነግራችሁም። በዚህ ምክንያት ሁለት ነገር እመክራለሁ። አንደኛ፣ የዕለት እንጀራችሁን አታቋርጡ። ሥራ ለቅቆ "ራሴን ፈተንኩ" ማለት ለአንዳንዱ ሠርቷል፣ ብዙውን ግን የቤት ኪራይ መልሶታል። ሁለተኛ፣ ራሳችሁን ከዓምና እናንተ ጋር አስተያዩ። ወር መዝጊያ ስድስት ቀን ይፈጅብኝ የነበረው እኔ ዛሬ በሁለት ቀን እጨርሳለሁ። ማንም ሜዳሊያ አልሰጠኝም፣ ግን ማታ ከልጆቼ ጋር ራት እበላለሁ።

አሁን ደብተር አውጡ። ልትጎብዙበት የምትፈልጉትን አንድ ነገር ጻፉ፣ አንድ ብቻ። ከሥሩ በዚያ ነገር አንድ ሁለት ዓመት የሚቀድሟችሁን፣ በአካል ልታገኟቸው የምትችሉትን የሦስት ሰዎች ስም ጻፉ። ጎረቤት ይሁን፣ የድሮ የክፍል ጓደኛ ይሁን፣ የአጎት ልጅ ይሁን። ሦስት ከሌለ አንድም ይበቃል። ነገ ደውሉ፣ መልእክት አትላኩ፣ ደውሉ። ሰላምታውን ጨርሳችሁ "ስትሠራ አጠገብህ መቀመጥ እፈልጋለሁ፣ ሥራ አላስፈታህም" በሉት። ሁለቱ እምቢ ሊሉ ይችላሉ፣ አትቀየሙ። አንዱ "ቅዳሜ ጠዋት ና" ካለ ሰዓቱን ጠይቁና አስር ደቂቃ ቀድማችሁ ድረሱ።